የማይምለው ፍራሽ ሻጭ

ጋሽ ሸምሱ የሞተ ዕለት የመንገዳችን ሱቆች በሙሉ እስከ ስምንት ሰዓት ተዘጉ። እኔም ዘጋሁ። ቀብር ሄድኩ፤ ከዚያም ለቅሶ ቤት ገብቼ ከሰው ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ደግ ደጉን ያወራል። አንዱ ታማኝነቱን፣ አንዱ ዝምታውን ያነሳል። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ "ጥሩ ጎረቤት ነበር" ብዬ አቀረቀርኩ። ውሸት አይደለም። ግን እዚያ ቤት ከተቀመጠው ሰው ሁሉ በዚያ ሰውዬ የቀናሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀንቼበታለሁ። በገበያው እንዳይመስላችሁ፤ በገበያማ እኔ እበልጠው ነበር። የቀናሁት በገዛ ልጄ ነው።

ወልዴ እባላለሁ። ሀይሌ ጋርመንት፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ገባ ብሎ ካለው የቆርቆሮ ሱቆች መደዳ ሦስተኛው የእኔ ነው። ድስት፣ ትሪ፣ ሳህን፣ ጭልፋ እሸጣለሁ። አራተኛው የጋሽ ሸምሱ ነበር፤ ፍራሽና ስፖንጅ። በመካከላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው። እኔ ጋ ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል። ድስት የሚገዛ ሰው ሳያንኳኳ አይገዛም፤ ሴቶቹ በጣታቸው ቀጭ ቀጭ ያደርጉና ሐኪም ይመስል ጆሯቸውን ይሰጣሉ። እሱ ጋ ግን ድምፅ ይገባል እንጂ አይወጣም። ፍራሹ ይውጠዋል። ከበሩ ሁለት እርምጃ ገባ ካላችሁ "ጀሞ! ፉሪ! ሁለት ሰው!" የሚለው የታክሲ ጩኸት ከሌላ ከተማ የሚመጣ ይመስላል።

ዕድሜው ከእኔ በሃያ ዓመት ስለሚበልጥ፣ ጎረቤት የሆንን ሰሞን አንቱታ ሞክሬ ነበር። አንድ ጠዋት "ጋሽ ሸምሱ፣ መጡ?" አልኩት።

ዞር ብሎ ከኋላው አየ። "እነማን?"

"እርስዎን ነዋ!"

"እኔ አንድ ነኝ" አለኝ። "መጣህ በለኝ።"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጋሽ ሸምሱ በዕድሜው ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ የቀለደ አይመስለኝም፤ ሰውን ግን ከቀልደኛ በላይ አስቋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም መደዳው ሁሉም "አንተ" አልነው።

"እንዴት አደርክ?" ካላችሁት ይነግራችኋል። ስንት ሰዓት እንደነቃ፣ የትኛው ጉልበቱ እንዳመመው፣ ውሃ እንደጠፋና መቼ እንደመጣ። የቸኮለ ሰው በእሱ በር በኩል አያልፍም ነበር። ሲያወራችሁ ዓይናችሁን አያይም፤ የሸሚዛችሁን ቁልፍ ነው የሚያየው። ዓይን ለዓይን የማያይ ነጋዴ ሌባ ነው ብለን ስላደግን መጀመሪያ ላይ ብዙ ጠረጠርነው። ምሳ ሰዓት ደግሞ ሌላ ነው። ሁላችንም ምሳ ዕቃችንን ከፍተን አላፊውን "እንብላ" እንላለን፤ አላፊውም "ብሉ፣ ጠግቤያለሁ" ብሎ ያልፋል። ይኼ ሕግ ነው። ፊት ለፊታችን ክርና መርፌ የምትሸጠው እትዬ ብርቄ አንድ የጾም ቀን ሽሮዋን ከፍታ "እንብላ ጋሽ ሸምሱ" አለችው። ሄዶ እጁን ታጠበ። መጥቶ ተቀመጠ። እኩል በላ። "ጨው በዝቶበታል" ብሎ ተነሳ። እትዬ ብርቄ ለሳምንት ያህል ምሳዋን ጀርባዋን ሰጥታ ስትበላ አይቻታለሁ።

ዋጋ ላይም እንደዚያው ነው። ሴትየዋ "የመጨረሻው ስንት ነው?" ትለዋለች።

"ነግሬሻለሁ።"

"እሱማ የመጀመሪያው ነው።"

"ሁለት ዋጋ ካለው አንዱ ውሸት ነው" ይላታል፤ ወደ ስፖንጁ ይመለሳል።

ይኼን በቆርቆሮው ማዶ ስሰማ የእኔ ዋጋዎች ሁሉ መደርደሪያው ላይ ይሸማቀቁብኛል። መሐላ ደግሞ ከአፉ አይወጣም። ሙስሊም ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። ሌሎቹ ሙስሊም ነጋዴዎች ግን ወላሂን እንደ ጨው ነው የሚነሰንሱት፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ማርያምን አላሳረፍናትም። መሐላ ሳይምል አስር ዓመት ፍራሽ የሸጠ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ልጄ ሩት ስድስት ዓመት ሲሞላት ትምህርት ቤት አስገባናት። በሁለተኛው ሳምንት መለሱልን። "አትቀመጥም፤ ስትጠራ አትሰማም፤ ሌሎቹን ትረብሻለች" አሉን። ጆሮዋን አስመረመርን፤ ደህና ነው። ጠበል አመላለስናት፤ ጠበሉን ወደደችው፣ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ሚስቴ አስቴር ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች፤ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ነው የምትገባው። ስለዚህ ሩት ከእኔ ጋር ሱቅ ትውል ጀመር።

የመጀመሪያው ቀን አንዲት ደንበኛ ትልቁን ድስት ገልብጣ ቂጡን በጭልፋ መታችው። ሩት ሁለት ጆሮዋን ይዛ ጮኸች። ሴትየዋን ሸኝቼ ስዞር ልጄ የለችም። መንገዱ መኪና ነው። እንዴት እንደሮጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እስከ ታክሲ መያዣው ደርሼ፣ ረዳቶቹን ሁሉ ጠይቄ፣ ላብ አጥምቆኝ ስመለስ በጋሽ ሸምሱ በር ላይ ቆምኩ። እሱ በረጅም ቢላዋው ስፖንጅ ይቆርጣል።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ልጄን አይተሃል?"

"አዎ።"

"የት?"

"እዚህ።"

ሩት ግድግዳው ላይ በቆሙት ሁለት ፍራሾች መካከል ገብታ፣ ፊቷ ብቻ ብቅ ብሎ፣ ዓይኗን ከድናለች። ከተወለደች እንደዚያ ተረጋግታ አላየኋትም።

"ታዲያ አትጠራኝም እንዴ? ጠፋች ብዬ ልሞት ነበር እኮ!"

"አልጠፋችም" አለኝ የሸሚዜን ቁልፍ እያየ። "እዚህ ናት።"

ከዚያ ቀን በኋላ የሩት ውሎ የእሱ ሱቅ ሆነ። ጠዋት ከእኔ ጋር ትመጣለች፤ ድስቶቹን ሳወጣ ሁለት ደቂቃ ትቆማለች፤ ከዚያ ሹልክ። ሰው አወራ። ሰው ነውና ያወራል፤ እኔም ሰው ነኝና አሰብኩ። ግን ሱቁ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው፤ ከበርጩማዬ ጎንበስ ካልኩ እግሯ ይታየኛል። ደግሞም እሱ ምንም አያደርግም ነበር። አያጫውታትም፣ አያባብላትም፣ ከረሜላ አይገዛላትም። እኔን ያበገነኝም ይኼው ነው። እኔ ዘፍኜ፣ አጨብጭቤ፣ አሻንጉሊት ገዝቼ ያላገኘኋትን ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ ዝም ብሎ ስፖንጅ እየቆረጠ ወሰዳት።

ምሳው የባሰ ነበር። ሩት ከእኔ እጅ አትበላም። እንደ ወጉ እለምናታለሁ፤ "ሩትዬ፣ በሞቴ ይቺን ብቻ። አፈር ስሆን። እኔ ልሙት፣ ይቺን ጉረሺልኝ።" አፏን ትገጥማለች። እጄን ትገፋለች። ስጨምር ታለቅሳለች። ቤት ስትገባ ግን ከእናቷ ጋር ትበላለች። አስቴር ደክሟት ስለምትመጣ ሳህኑን ፊቷ አስቀምጣላት እግሯን ትዘረጋለች፣ በቃ።

"ምን አድርገሽ ነው የምትበላልሽ?" እላታለሁ።

"ኧረ እኔ ምንም አላደረግሁ" ትለኛለች። "አንተ ግን ምን አድርገሃታል?"

እናት ናት ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አንድ ቀን ግን በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ አጮለቅሁ። አዎ፣ አጮልቄያለሁ፤ እናንተም ብትሆኑ ታደርጉታላችሁ። ጋሽ ሸምሱ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰ። አንዱን ፍራሽ ላይ አስቀመጠና "ዳቦ ነው" አላት። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ሥራውን ቀጠለ። ልጄ አንስታ በላች። እስከ ፍርፋሪው። እኔ ቀዳዳው ላይ እንደተደፋሁ ደንበኛ ገብታ "ወልዴ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?" ስትለኝ ጎንበስ ብዬ ጭልፋ ፍለጋ ጀመርኩ።

ስሙንም ጠራችው። ሩት ቃል የምታወጣው አንድ ሁለት ነው፤ የሰማችውን መልሳ ነው የምትለው። እሱን "ሸምሱ" አለችው፤ ጥርት አድርጋ፣ ጋሽ የለ ምን የለ። እኔ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ "ግቡ! ግቡ!" ስለምል፣ እኔን "ግቡ ግቡ" ነው የምትለኝ። መደዳው በሳቅ ሞተ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሱ በስሙ ሲጠራ እኔ በጩኸቴ ተጠራሁ።

እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ጀሞ ድረስ ሄጄ፣ ከእሱ ላለመግዛት ብዬ፣ ወፍራም ስፖንጅ ገዛሁ። በሱቄ ጥግ፣ ከትሪዎቹ ጀርባ፣ ጎጆ የመሰለ ነገር ሠራሁላት። ሩት ገብታ ተቀመጠች። ልቤ ዘለለ። አንዲት ደንበኛ ገባች፤ ተከራከርን፤ ማልኩላት፤ ገዝታ ወጣች። ጎጆውን ሳይ ባዶ ነው። ጋሽ ሸምሱ ማታ ሊዘጋ ሲል መጥቶ ስፖንጄን በጣቱ ጫን ጫን አደረገና "ይኼ በስድስት ወር ይጎደጉዳል" አለኝ። በአምስት ወሩ ጎደጎደ።

ሩት ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሰው ጠቁሞን እንዲህ ያሉ ልጆችን ወደሚያይ ማዕከል ወሰድናት። ስሙን የሰማሁት ያኔ ነው፤ ኦቲዝም። ከማዕከሉ አንዲት ወጣት ባለሙያ ልጅቷ የምትውልበትን ልይ ብላ መጣች። የምትውልበት የት እንደሆነ ስትጠይቀኝ አፍሬ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ወሰድኳት። እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ እኔና እትዬ ብርቄ ቆመን፣ ረጋ ብላ አስረዳችን።

"ድምፅ ሊከብዳቸው ይችላል። ዓይን ለዓይን ማየት ያስቸግራቸዋል። ቃልን እንደወረደ የሚወስዱ አሉ፤ ቀልድና ወግ አይገባቸውም። የለመዱት ነገር ሲለወጥ ይጨነቃሉ። አይወዱንም ማለት ግን አይደለም።"

እትዬ ብርቄ በክርኗ ጎሸመችኝ። ሁለታችንም ወደ ጋሽ ሸምሱ አየን። ቢላዋውን አስቀምጧል።

"ስድሳ ሊሞላኝ ነው" አላት ለባለሙያዋ። "ይኼ ነገር ስሙ ማን አልሽ?"

"ኦቲዝም።"

"ጻፊልኝ።"

በፍራሽ ካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችለት። እሷ እንዲህ ነው ብላ መናገር እንደማትችል፣ ሐኪም ማየት እንዳለበት ነገረችው። "ሱቁን ማን ይጠብቃል?" አላት። ካርቶኑን ግን ቀስ ብሎ አነበበው፤ ለሁለት አጠፈው፤ ደረት ኪሱ ከተተው።

"ስም አለው ለካ" አለ። "እኔ መጥፎ ጠባይ መስሎኝ።"

ማናችንም አልሳቅንም።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ሰው ለቅሶ ላይ ሲያወራለት የዋለው። ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ስለ ሩት አስረዳ። ሳይጠሩት፣ ሰላም ሳይል ይገባል፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እያየ ይናገራል። "ስንት ጊዜ ነው ሰላም የምትላት? አንድ ጊዜ በቃ።" "ጥያቄ ስትጠይቋት ቆዩ፤ እስከ ሃያ ቁጠሩ። የመጀመሪያውን ገና እያሰበችው ሁለተኛውን አትጨምሩባት።" "ጸጉሯን አትንኩ። እናንተን ማን ይነካችኋል?" የታክሲ ረዳቶቹ ጋ ሳይቀር ሄዶ "ስትጮሁ እኔን እዚህ ያመኛል" ብሎ ጥርሱን አሳያቸው፤ "እሷንም ያማታል።" የሚገርመው፣ ሰሙት። በእኛ በር አካባቢ "ፉሪ" የሚባለው ቀስ ተብሎ ሆነ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ሰው ስለ ልጄ የሚጠይቀው እሱን ሆነ። እትዬ ብርቄ መንገዱን ተሻግራ በእኔ በር አልፋ "ጋሽ ሸምሱ፣ ዛሬ ሩት ምን ሆና ነው ፊቷ የጠቆረው?" ትለዋለች። እኔ አባትየው እዚያው ቆሜያለሁ፤ ድስት ይመስል። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ ሴት ሩትን ፍራሽ ላይ አይታ "አያቷ ነህ አባቷ?" አለችው። "ጎረቤት ነኝ" አላት። ሴትየዋ ግን ወደ እኔ ዞራ አላየችም። በቃ ያኔ ፈነዳሁ። ሱቁ ገባሁና "ልጄን ተውልኝ!" አልኩት። "ሰማህ? ተውልኝ! አባት አላት!"

"እሺ" አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን "ወልዴ፣ ምን ሆነሃል?" ይለኝ ነበር፤ ተጨቃጭቀን፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ሻይ ጠጥተን ይበርድልኝ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ግን እሺ ካለ እሺ ነው። በማግስቱ ሩት ወደ እሱ ስትሄድ ከውስጥ ሆኖ በሩን ወደ ታች ሳበው።

ሩት ቆመች። ከዚያ ግንባሯን ከቆርቆሮው ጋር ታጋጨው ጀመር። ጧ። ጧ። ጧ። ስይዛት ነከሰችኝ። ስስባት ጮኸች። መንገዱ ቆመ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ክፈትላት!"

"ተውልኝ ብለኸኛል" አለ ከውስጥ።

"አሁን ክፈት እያልኩህ ነው!"

"የቱን ልስማ?"

"የአሁኑን! ኧረ የአሁኑን!"

በሩ ወደ ላይ ወጣ። ሩት በጉልበቷ ሾልካ ገብታ በፍራሾቹ መካከል ተወሸቀች። እሱ ፊቱ በእንባ ርሷል። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ነበር ለካ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ትናንት ስንቴ ገደልካት?"

"ምን?"

"ስድስት ጊዜ" አለ። "ለትልቁ ድስት ሁለት ጊዜ። ለትሪዎቹ ሦስት። ለጭልፋው አንድ።"

ልመታው እጄን አነሳሁ። ግን ገባኝ፤ እጄ አየር ላይ እንዳለ ገባኝ። የእኔ መሐላ "ሩት ትሙት" ነው። "ሩት ትሙት አላተረፍኩብሽም!" "ሩትን ይንሳኝ በመጣበት ዋጋ ነው የሸጥኩልህ!" ደንበኛ ሁሉ ልጅ እንዳለኝ ያውቃልና ያምነኛል። ከሩት በፊት በእናቴ ነበር የምምለው፤ እናቴ ሞተችና ወደ ሩት አዞርኩት።

"መሐላ ነው እኮ!" አልኩት። "የአፍ ነው! ሁሉም ሰው ይላል!"

"እኔ አልልም። እሷም አትልም። አባቷ ለጭልፋ ትሙት ሲል ትሰማለች። እኔም ብሆን ጎረቤት እሸሻለሁ።"

ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። እሱ ግን አልጨረሰም።

"ምሳ ላይ ደግሞ ራስህን ትገድላለህ። በሞቴ ብዪ ትላታለህ። አፈር ስሆን ትላታለህ። ከበላች ትሞታለህ ማለት ነው። እንዳትሞት ነው የማትበላው።"

ከዚያ ቀጥ ባለው ድምፁ፣ የስፖንጅ ልክ የሚነግረኝ ይመስል፣ ይኼን ነገረኝ። "ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ‹ልሙትልህ፣ ብላልኝ› ትለኝ ነበር። በእኛ ቋንቋ ነው የምትለው፤ ቃሉ ያው ነው። አልበላም አልኩ። አንድ ቀን ራበኝ። በላሁ። በክረምቱ ሞተች።"

"በሽታ ይሆናላ፣ ጋሽ ሸምሱ!"

"አዎ፤ ወባ ነው። እኔ ግን እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ይኼን ሰው ሁሉ እንደሚል፣ ተበልቶም ማንም እንደማይሞት አየሁ። ዝም ብሎ የሚባል ነገር መሆኑ ገባኝ።" ቢላዋውን አነሳ። "ለምን እንደሚባል ግን አሁንም አልገባኝም።"

ሩት በፍራሾቹ መካከል ዓይኗን ከድናለች፤ ግንባሯ አብጧል። ዓመታት ሙሉ የጠላችኝ የመሰለኝ ልጅ ምሳ በቀረበ ቁጥር እኔን ለማዳን ስትታገል ኖራለች። ይኼንንም የነገረኝ እሱ ነው። የልጄን ነገር እንኳ እኔ አላወቅሁም፤ እሱ አወቀው። አመሰገንኩት። በልቤ ደግሞ የዚያኑ ያህል ቀናሁ።

በማግስቱ መሐላ ተውኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዲት የአስር ዓመት ደንበኛዬ ድስቱን ገልብጣ አየችና "ወልዴ፣ ዛሬ አልማልክልኝም፤ ድስቱ ነገር አለው እንዴ?" ብላ ሳትገዛ ሄደች። "ይኼ ክዳን ይሙት" ማለት ሞክሬ ነበር፤ የሚያምነኝ አጣሁ። ሱቁ ውስጥ ሩት ኖረች አልኖረች፣ አፌ ላይ የመጣውን ስሟን መልሼ ስውጥ ነው የምውለው። ገበያው ቀነሰ፤ ቆይቶ ደግሞ ለመደ።

ሩት ግን አላመነችኝም። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ እንደ ጋሽ ሸምሱ ዳቦ አስቀመጥኩላት፤ ቃል ሳልተነፍስ። ዳቦውን ታያለች፤ ቀጥሎ አፌን ታያለች፤ የሚወጣውን ትጠብቃለች። ከዚያ ትታው ትሄዳለች።

"እንዳንተ ነው እኮ የማደርገው!" አልኩት ጋሽ ሸምሱን።

"አዎ።"

"ታዲያ እስከ መቼ ነው?"

"አላውቅም" አለኝ። "ብዙ ነው የማልከው።"

ማጽናኛ ሲጠየቅ እውነቱን የሚሰጥ ሰው ነበር፤ እንዲህም ሆኖ በየሳምንቱ እጠይቀው ነበር።

እሱ የሞተው ልቡ ቆሞ ነው። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ቀረ፤ አራት ሰዓት ላይ ወሬው መጣ፤ በቀኑ ተቀበረ። ቀብር ስሄድ ሩትን ለእትዬ ብርቄ ሰጥቻት ነበር። ከለቅሶ ቤት ስመለስ ልጄ የጋሽ ሸምሱ በር ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። አሁን አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ እግሯ ረዝሞ መንገድ ይዘጋል።

እትዬ ብርቄ ዓይኗ ቀልቷል። "አርፏል ብያታለሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ገብቷታል መሰለኝ፤ ዝም ብላለች።"

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። "ሩት" አልኳት። ከዚያ ቆጠርኩ። አስራ ሰባት ላይ ስደርስ "ሲነሳ ይከፍታል" አለች።

ልክ ነበረች። ፍራሽ ሻጭ አረፈ ሲባል ሌላ ምን ይታሰባል? ዙሪያዬን አየሁ። እንደ ልማዴ ቆርቆሮውን አንኳኩቼ "ጋሽ ሸምሱ፣ ምን ልበላት?" የምለው ሰው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄ የእኔ ብቻ ሆነች፤ ያ ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ይኼ ነበር።

"ሩት። ሸምሱ ሞቷል። አይነሳም። ሱቁን አይከፍትም።"

"ኧረ ወልዴ!" አለች እትዬ ብርቄ። "እንዲህ ተብሎ ይነገራል እንዴ ለልጅ?"

እኔ ቆጠርኩ። ሃያ አለፈ፤ ሠላሳ አለፈ። ሩት የሸሚዜን ቁልፍ ታያለች።

"ማን በላ?" አለችኝ።

"ምን አለች?" አለች እትዬ ብርቄ።

አልመለስኩላትም። "ማንም አልበላም" አልኳት ለሩት። "ልቡ ታሞ ነው። ልብ ሲቆም ሰው ይሞታል። ሰው ስለበላ አይደለም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ከጠዋት ጀምሮ አልበላችም። ከመንገድ የገዛሁት ዳቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት፤ ቆረስኩት፤ መዳፌ ላይ አድርጌ ያዝኩት። ዳቦውን አየች። አፌን አየች።

"ትሞታለህ?" አለችኝ።

ነጋዴ ነኝ። ለዚህች ጥያቄ መቶ መልስ አለኝ፤ አንደኛው ከሌላው ይጣፍጣል። "እግዜር አያምጣው" የሚል አለ። "አባት ለልጁ ሲል አይሞትም" የሚል አለ። ምላሴ ላይ ሁሉም ተሰለፉ።

"አዎ" አልኳት። "አንድ ቀን እሞታለሁ። ብትበዪም ባትበዪም።"

አሰበችው። ረጅም ጊዜ አሰበችው፤ ታክሲ ሞልቶ ሄደ፣ ሌላ መጣ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ዳቦውን ከመዳፌ ወሰደችና በላች። እስከ ፍርፋሪው ጨረሰችው። አፏን በእጇ ጠረገችና ዞረች፤ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ተዘጋው በር አድርጋ ተቀመጠች።

እኔም ባዶ መዳፌን ይዤ፣ በሞተ ሰው ቀናሁ።